በኖራ ውስጥ የቀረ ትንፋሽ

እኔ ስደርስ ሟቹን ከዋሻው አውጥተው ሸራ ላይ አጋድመውት ነበር። ጓደኞቹ ደረቱን ሲጫኑ ቆይተው ተስፋ ቆርጠዋል፤ አሁን ዙሪያውን ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። ሸራው አጥሮት እግሮቹ ውጭ ቀርተዋል። በማዕድን ማውጫው ሁሉም «ረጅሙ» ነበር የሚለው። ሰዓቴን አየሁ፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ። ከፖሊስ ሥራ ጡረታ ልወጣ አራት ወር ቀርቶኝ ነበር፣ ወገቤም ሌሊቱን ሙሉ ሲያመኝ አድሯል፣ እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን ሌላ ሬሳ ለማየት አቅሙ አልነበረኝም።

ረጅሙ የነፍስ አድን ቡድን አባል ነበር። ሥራው የተበከለ አየር ወዳለበት ዋሻ መተንፈሻ መሣሪያ አዝሎ መግባት ነው። የቡድኑ አለቃ መሣሪያውን እዚያው መሬት ላይ ዘርግቶ አስረዳኝ፤ አንድ የጎማ ከረጢት፣ አንድ ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር፣ በነጭ የኖራ ፍሬ የተሞላ አንድ ጣሳ። ሰውየው የሚያስወጣው ትንፋሽ ወደ ውጭ አይለቀቅም። በጣሳው ውስጥ ያልፋል፣ ኖራው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይውጠዋል፣ በቀረው ላይ ከሲሊንደሩ ኦክስጅን ይጨመርበትና እንደገና ይተነፈሳል።

«ኖራው የማይሠራ ከሆነስ?» አልኩት።

«የገዛ ትንፋሽዎ ይገድልዎታል።» አገጩን ወደ ማከማቻው ቀሰረ። «ጣሳዎቹን የምትሞላው ሴትዮ ዛሬ ጥርሴን ብላ ሥራ ጥላ ሄዳለች። ቁልፉንም ይዛ።»

ከረጅሙ ጋር የገባው ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የሟቹ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው፤ ቡድኑ በሙሉ «አማቹ» ነው የሚለው። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነገረኝ። አራት ሰዓት ላይ ገቡ። ጋዝ የሚያስገባውን ቀዳዳ በአሸዋ ከረጢት ሊደፍኑ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሠሩ ረጅሙ ራሱን ያዘ፣ ማለክለክ ጀመረ፣ ተቀመጠ።

«ልጎትተው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ሮጬ ወጣሁ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

አለቃውን አየት አደረገ። «ከዚያ በፊት ዕቃ ስናዘጋጅ ነበር።»

የቀሩት የቡድኑ አባላት በሌላኛው ጉድጓድ ልምምድ ላይ ስለነበሩ ያየ ሰው የለም። የመሣሪያ ክፍሉንም ማከማቻውንም እንዳለ አሸግሁ።

*

በሦስተኛው ቀን የላቦራቶሪው ወረቀት መጣ። በሟቹ ጣሳ ውስጥ የነበረው ኖራ ያገለገለ ነው ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም። ያ ለአለቆቼ በቂ ነበር። ሴትዮዋ ተያዘች፣ ዐቃቤ ሕጉም በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ክስ እመሠርታለሁ አለ። ሰው በቸልተኝነት መግደል፤ በእሷ ዕድሜ ያ ማለት ከእስር ቤት በከዘራ መውጣት ነው።

በማዕድን ማውጫው ስሟ «እቴጌ ኖራ» ነው። ሳገኛት አንድ ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ሊደፍነው ደርሷል። ተነቅሎ ያለቀው ጥርስ አሁንም ያማታል።

«ከሞተው ሰው ጋር ተጣልተው ነበር አሉ» አልኳት።

«ተጣልቼ? ጮህኩበት እንጂ! ጣሳዬን ውሃ ነክሮ መለሰልኝ። እሱ ላይ ያልጮህኩበት ሳምንት የለም። በዓመት በዓል እንኳ ጮኼበታለሁ።» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ልጄን ያህል ነበር የምወደው፤ ይህን ደግሞ ለእሱ አልነገርኩትም።»

«ኖራው ያገለገለ ነው ብለዋል።»

«ያገለገለ ኖራ ወደ ጉድጓድ ነው የምደፋው። አንድ ጣሳ ለአንድ መግቢያ ነው፤ አምስት ደቂቃም ይቆዩ ሁለት ሰዓት። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው የሠራሁት።»

«ሲደፉ ያየ ሰው አለ?»

«ኖራ ስደፋ ማን ቆሞ ያጨበጭብልኛል?»

መዝገቧን አየሁት። በዚያ ቀን ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ጣሳ ወጥቷል፤ እያንዳንዱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ግራም። የረጅሙ ፊርማ፣ የአማቹ ፊርማ። ሦስት ሰዓት ላይ አለቃውን አስፈቅዳ ጥርሷን ልትነቀል ሄደች። አለቃው ደግሞ አላስፈቀደችኝም ይላል።

«ጣሳውን ሁለት ሰዓት ላይ ወስደው እስከ አራት ሰዓት ምን ሲሠሩ ነበር?»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ?» አለችና በደህናው ዓይኗ ትክ ብላ አየችኝ። «ሰው ሁሉ ወደ ሳንባ የገባውን ነው የሚጠይቀው። ሲሊንደሩ ሙሉ ነበር ወይ፣ ኦክስጅን ነበረው ወይ። የወጣውን ማን ጠየቀ? የወጣው እኮ እኔ ጣሳ ውስጥ ነው ያለው።»

መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ይህን ንግግር ደጋግሜ አሰብኩት። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

*

ታላቅ እህቴ ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምራለች። እኔንም አስተምራኛለች፣ በፈተናም ጥላኛለች፤ ለዘመድ አታዳላም። ወጥ ቤቷ ገብቼ ወንበሩ ላይ ስወድቅ ሻይ ከማቅረቧ በፊት ገላመጠችኝ።

«መልክህ ሁሉ እኮ ጠቁሯል። ትተኛለህ?»

«እትዬ፣ አንድ ሰው ስንት ይተነፍሳል?»

«ይሄን ዘጠነኛ ክፍል ብታዳምጠኝ ኖሮ አሁን አትጠይቀኝም ነበር።» የማዕድ ቤት ሚዛኗን አውጥታ ስኳር ታፈስበት ጀመር። መቶ ሰማንያ ግራም ላይ አቆመች። «ይህ አንድ ሞል ስኳር ነው፤ ግሉኮስ እንበለው። ሰውነትህ ይህን ሲያቃጥል ስድስት ሞል ኦክስጅን ያስገባል፣ ስድስት ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። በክፍል ሙቀት አንድ ሞል ጋዝ ሃያ አራት ሊትር ነው። ስለዚህ መቶ አርባ አራት ሊትር ገባ፣ መቶ አርባ አራት ሊትር ወጣ። ገባህ?»

«እኩል በእኩል።»

«እኩል በእኩል። ሰው ካስገባው በላይ አያስወጣም። ስቶይኪዮሜትሪ ማለት ይኸው ነው፤ ያኔ ስሙን ሰምተህ ሆዴን አመመኝ ብለህ የወጣህበት።»

ስለ ጣሳው ነገርኳት። ሻይዋን ረሳችው።

«ኖራው የዋጠው ጋዝ የትም አልሄደም» አለች። «ወደ ድንጋይነት ተቀይሮ እዚያው አለ። አሲድ ካፈሰስክበት መልሶ ይተፋዋል፣ ትለካዋለህ። ከሲሊንደሩ የጎደለው ኦክስጅንና ከኖራው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኩል መሆን አለባቸው። ግን አንድ ነገር፤ ስብ በልቶ ከሆነ ሂሳቡ ይዛባል። አሥር አስገብቶ ሰባት ነው የሚያስወጣው። ምን በልቶ ነበር የገባው?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ፖሊስ አይደለህም እንዴ? ሂድና ጠይቅ።»

*

የሟቹ ሚስት ለቀስተኛው መሃል ተቀምጣለች። ወንድሟ አማቹ ግን ውስጥ የለም፤ ደጅ፣ ደረጃው ላይ፣ ጉልበቱን አቅፎ አገኘሁት። ሰላም ስለው ቀና አላለም።

«ባሌ ሞቶ ቁርሱን ይጠይቁኛል?» አለች ሚስቲቱ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይጠቅማል።»

«ዳቦ። ማርማላታ ቀብቼለት። ሻይ በአራት ስኳር። ስኳር ይብዛብኝ ነው ሁልጊዜ፤ ሸክም አለብኝ ይላል።» እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «የሱ ብቻ መስሎዎት? ወንድሜ ወገቡን ያመዋል። የሁለቱንም ዕቃ የሚሸከመው እሱ ነበር። ለአለቃው እንዳትነግሪ፣ ልጁን ከሥራ ያስወጡታል ይለኝ ነበር።»

«ወንድምዎ ለምን ደጅ ተቀመጠ?»

«እኔም አልገባኝም። ከቀብሩ ጀምሮ ከዚህ በር አልገባም። እህቱ ቤት እኮ ነው!»

ስወጣ በአጠገቡ አለፍኩ። ያን ጊዜ ልጠይቀው ይገባ ነበር፤ ግን በእጄ ምንም አልነበረኝም፣ እኔም ደክሞኝ ነበር።

*

ረቡዕ ጠዋት እህቴ በነበረችበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ተሰበሰብን። እኔ፣ አብሮኝ የሚሠራው ሳጅን፣ እህቴ፣ ሁለቱ የታሸጉ ጣሳዎች። ሳጅኑ የሚከፈተውንም የሚመዘነውንም ይጽፋል። እህቴ የረጅሙን ኖራ ገልብጣ አዋሃደችው፣ ጠቅላላውን መዘነች፣ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ግራም። ከዚያ ውስጥ አሥር ግራም ጠርሙስ ውስጥ ከታ ክዳኑን ገጠመች። ከጠርሙሱ የወጣው ቱቦ በጨው ውሃ ገንዳ ውስጥ ወደ ተደፋ የመለኪያ ብርጭቆ ይሄዳል።

«ጨዉ ለምንድን ነው?» አለ ሳጅኑ።

«ተራ ውሃ ጋዙን ይጠጣብናል።»

አሲዱን ለቀቀችው። ኖራው ፈላ። አረፋው በቱቦው እየተግተለተለ ወጥቶ የብርጭቆውን ውሃ ወደ ታች ገፋው። ያ ጋዝ ባለፈው ሳምንት በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ የነበረ ነው፤ ዳቦና ማርማላታ የነበረ።

ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት ሚሊ ሊትር። በመቶ ሰማንያ ስናባዛው መቶ ስድሳ ስምንት ሊትር፣ ሰባት ሞል። ጣሳው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ከመቶ ሃምሳ ሊትር በላይ እንዳይጠቀሙበት ያስጠነቅቃል።

«ከሲሊንደሩ ስንት ጎደለ?» አለች እህቴ።

በሟቹ ጀርባ ላይ የነበረው ሲሊንደር ሁለት ሊትር ይይዛል። ሲሞላ ግፊቱ መቶ ሃምሳ ባር ነው፣ ግፊት ማንበቢያው ጌጅ ላይ መቶ ሃያ ስድስት ይነበባል። የጎደለው ሃያ አራት፤ በሁለቱ ሊትር ሲባዛ አርባ ስምንት ሊትር።

«አርባ ስምንት አስገብቶ መቶ ስድሳ ስምንት አስወጣ?» ሳጅኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲህ መቶ ሃያው የሌላ ሰው ነው። ሴትዮዋ ያገለገለ ኖራ ሞልታበታለች። አለቀ።»

እህቴ አላየችውም። የአማቹን ጣሳ ከፈተች። መቶ ሠላሳ ሁለት ሊትር። የእሱ ሲሊንደር የጎደለው ሠላሳ ስድስት። ትርፉ ዘጠና ስድስት።

መንገዱን ሙሉ ሁለቱን ቁጥሮች ሳመላልስ ሄድኩ፤ መቶ ሃያና ዘጠና ስድስት። ያገለገለ ኖራ ከሆነ የማን ትንፋሽ ነው? ሰው ካስገባው በላይ አያስወጣም ብላኛለች። ታዲያ ይህን ያስወጣ ሰው ኦክስጅኑን ያስገባው ከየት ነው? ቢሮዬ ደርሼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ወደ ማዕድን ማውጫው ተመለስኩ።

*

የመሣሪያ ክፍሉ እሽግ እንዳለ ነበር። በግድግዳው ላይ «ሙሉ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር አሥራ ሁለት ሲሊንደሮች ተሰቅለዋል። ጌጅ የሚገኘው መሣሪያው ላይ እንጂ ሲሊንደሩ ላይ አይደለም፤ ተሰቅሎ ያየ ሰው ሙሉ ነው ብሎ ያልፋል። እኔም በመጀመሪያው ቀን አይቼ ያለፍኩት እንደዚያው ነው። ሳጅኑ አንድ በአንድ ጌጅ እየገጠመ ያነብልኝ ጀመር።

«መቶ ሃምሳ። መቶ ሃምሳ። መቶ ሃምሳ።» ሰባተኛው ላይ ቆመ። «ዘጠና አንድ።»

የጎደለው ሃምሳ ዘጠኝ፤ በሁለት ሲባዛ፣ መቶ አሥራ ስምንት ሊትር። አሥራ አንደኛው መቶ አንድ አለ፤ ዘጠና ስምንት ሊትር ጎድሎታል።

ሳጅኑ ወረቀቱን ደጋግሞ አየ። መቶ ሃያና መቶ አሥራ ስምንት። ዘጠና ስድስትና ዘጠና ስምንት። ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ።

አለቃውን አስጠራሁት።

«ያፈሳሉ» አለ። «አሮጌ ሲሊንደር ያፈሳል።»

«ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ሰዎች ባስወጡት ልክ?»

«እኔ ኬሚስት አይደለሁም።»

«እኔም አይደለሁም።»

ከእሱ ሌላ ቃል እንደማላገኝ ሲገባኝ አማቹን ልፈልግ ሄድኩ። ያው ደረጃው ላይ ነበር። ወገቤ እየተሰማኝ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረግኩለት።

«ሁለት ጊዜ ገብታችኋል» አልኩት።

ጭንቅላቱን ሳያነሳ ተናገረ።

«ሁለት ሰዓት ላይ ገባን። ከአንድ ሰዓት በላይ ሠራን፣ አላለቀም። ስንወጣ አለቃው ስድስት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ፣ ጨርሱት አለ። ረጅሙ፣ ጣሳ ይቀየርልን አለ። ማከማቻው ተቆልፏል፣ እቴጌ የለችም። አለቃው አዲስ ሲሊንደር ገጠመልንና ኦክስጅን እስካላችሁ ምን ትሆናላችሁ አለን። እውነት ነው የመሰለን። ኦክስጅን ነበረን እኮ፣ ጋሼ። ጌጁን እያየሁ ነበር። ሙሉ ነበር!»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ከተናገርክ አብረኸኝ ትታሰራለህ አለኝ። እህቴ ደግሞ ከኔ ሌላ የላትም።» ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «እቴጌ ትፈታለች፣ ማንም እሷን አይነካም ብዬ ነበር።»

«ዓርብ ነው ክሱ።»

ተነሣ። «እንሂድ» አለ። ከኋላችን የእህቱ በር ተከፍቶ ነበር፤ ዘወር ብሎ አላየውም።

አለቃው የአማቹን ቃል ስናነብለት ሊክድ አልሞከረም። የሚገርመው ልቡ የተሰበረ መሆኑ ነው። «አዲስ ሲሊንደር ሰጥቻቸዋለሁ እኮ» ይላል ደጋግሞ። «በራሴ እጅ ነው የገጠምኩላቸው።»

*

እቴጌ ኖራ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተፈታች። ወደ ቤቴ ውሰዱኝ አላለችም፤ ወደ ማከማቻው ውሰዱኝ አለች። ሚዛኗ ላይ የአሥር ቀን አቧራ ነበር። በሻሽዋ ጫፍ ጠረገችው፣ መዝገቡን ከፈተች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ቃሉን ሊፈርም ከእኛ ጋር የመጣውን አማቹን ጠራችው።

«አንተ ልጅ፣ ና እዚህ።»

እሱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ገባ።

ከሁለት ሰዓቱ መስመር ሥር በእርሳስ ጻፈች። አራት ሰዓት። ሁለተኛ መግቢያ። አዲስ ጣሳ አልተሰጠም። «ፈርም» አለችው። ፈረመ። ቀጥሎ የረጅሙን መስመር ጻፈች፣ የፊርማውን ቦታ ባዶ ተወችው።

«የሱንም አንተ ፈርምለት። ዕቃህን ሲሸከምልህ አልነበረም?»

እርሳሱን ያዘ፣ መጻፍ ግን አልቻለም። ከእህቱ ሌላ ያንን የሚያውቅ ሰው ያለ አልመሰለውም ነበር።

«በሁለተኛው ጊዜ ሁሉንም ከረጢት እሱ ነው ያመላለሰው» አለ። «እኔ መደርደር ብቻ። ወገቤን ብዬ።»

እቴጌ ከእኔ የወሰደችውን ወረቀት አይታ በየመስመሩ ጫፍ ቁጥሩን አሰፈረች። ለረጅሙ መቶ ስድሳ ስምንት ሊትር። ለአማቹ መቶ ሠላሳ ሁለት። ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ እጅ ነውና ከሥሩ መደመሪያ መስመር አሰመረ። ሦስት መቶ ብላ ጻፈች፣ ለሁለት ልታካፍል ጀምራ አቆመች። እህቴም ትናንት በወረቀቱ ጀርባ ይህንኑ ሠርታ፣ ምንም ሳትል ወረቀቱን ገልብጣ ነበር የሰጠችኝ። መቶ ሃምሳ፣ መቶ ሃምሳ። ጣሳው የሚችለው ልክ።

ልጁ ቁጥር ማንበብ አላስፈለገውም። «ሸክሙን ተካፍለን ቢሆን ኖሮስ፣ እቴጌ?» አለ። «ይተርፍ ነበር?»

እኔ መስኮቱን አየሁ። በጉዳዩ ላይ የተነገረው ውሸት ይበቃል ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ድፍረቱ አልነበረኝም።

እቴጌ ኖራ መነጽሯን አወለቀች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ግራም አዛብታ አታውቅም። ላጲሱን አንሥታ ድምሩን አጠፋችው፣ ብናኙን በመዳፏ ጠረገች።

«አይተርፍም ነበር» አለችው። «ፈርምለትና እህትህ ቤት ግባ።»